በአምስት ቤት የሚገናኙ

ላይፕዚግ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰገነት አማረ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። አባትሽ እንዴት ናቸው? አጎትሽ ጋሽ ደርቤስ ከነጋራዣቸው እንዴት ከርመዋል? እኔ ከብርዱ በቀር የምከሰው የለኝም።

ይኸው «እህቴ» ብዬ ጀመርኩ። አባትሽ ደብዳቤውን ከፍተው ቢያነቡት የሚያስቆጣቸው ነገር እንዳያገኙ ብዬ ነው። ሰባት ቤት ያልሞላ ዘመድ እህት ነው ተብለን የለ? ሽማግሌዎቼ አንቺን ለመጠየቅ ሄደው ከቤታችሁ ሲመለሱ፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ፊታቸውን አይቼ አውቄዋለሁ። አያ ቢተው ትውልዳችንን ቆጥረው በአምስተኛው ቤት አገናኙን፤ በቃ። ሁለታችንም ወደዚህ እንድንመጣ የተጠራንበትን ጉዞ እኔ ብቻዬን መጣሁት።

የነፍስ አባታችሁ ደግሞ አንዳችን የሌላችንን ድምፅ እንዳንሰማ ገዘቱን። ስለ ደብዳቤ ግን ምንም አላሉም፤ ስለዚህ እጽፋለሁ። ኢንተርኔቱም ከነሐሴ ወዲህ እናንተ ጋ እንደጠፋ ሰምቻለሁ። በሹፌሩ በጌቾ የአዲስ አበባ ፖስታ ሳጥን ነው የምልከው። ከአዲስ አበባ ጭኖ በወጣ ቁጥር ፍሬኑን ሊያሳይ ጋራዡ መቆሙ አይቀርም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አልበማችን ሊታተም ነው! አሳታሚው ጋራዡ ውስጥ የቀዳነውን ሰምቶ «ምንም እንዳትነኩት» አለ። ድምፁን እናጥራው ብዬ ብጠይቀው ሊቆጣኝ ደረሰ። የጄኔሬተሩ ጩኸት፣ አንቺ በርሜሉን ስትመቺ ከግድግዳው ላይ የወደቀው መፍቻ፣ ሁሉም እንዳለ ይቆይ ብሏል። እንዲህ ያለውን ሙዚቃ እዚህ «ጋራዥ ሮክ» ይሉታል። ለጋሽ ደርቤ ንገሪያቸው፤ ጋራዣቸው ጀርመን ድረስ ስም አወጣ በያቸው።

ከአልበሙ ጋር ትንሽ መጽሐፍ ነገር አብራ ትወጣለች። እያንዳንዱ ዘፈን ከየት እንደመጣ በአንድ አንቀጽ መጻፍ አለብኝ። ብቻዬን ብጽፈው እዋሻለሁ፤ ዘፈኖቹ የሁለታችን ናቸው። ስለ «ቁልቁለት» እና ስለ «ቁይ ገበያ» የምታስታውሺውን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ታረቀ

ደጀን፣ ኅዳር 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለታረቀ፤

ያለህበትን አገር እመቤቴ ታሙቅልህ። እኛ ደህና ነን፤ ደህና ነን ማለት ካለብን። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ሲከፈት ጋራዡ በመኪና ይጨናነቃል፣ ሲዘጋ ጋሽ ደርቤ ቁጭ ብለው እኔን ይነዘንዙኛል።

ደብዳቤህን ጌቾ ግሪስ በነካው እጁ ይዞት መጣ። አባቴ አልከፈቱትም። እኔው ከፍቼ አነበብኩላቸው፤ ስለ ሽማግሌዎቹ ያለውን ዘልዬ። «ጨዋ ልጅ ነው» አሉ።

«ቁልቁለት» ስለ ፍቅር ነው ብለህ ለነጮቹ እንዳትጽፍ፤ አውቅሃለሁ። ከዚያ ሲሚንቶ ጫኝ ሹፌር ነው የመጣው። አባይ በረሃ ላይ ፍሬኑ እምቢ ብሎት መኪናውን ከገደሉ ግድግዳ ጋር አጋጭቶ ያቆመው። ጋራዥ ገብቶ ውሃ ስሰጠው እጁ እየተንቀጠቀጠ ጣሳው ጥርሱን ይመታው ነበር። እኔ በቸርኬው ላይ የመታሁት ያንን ነው። ነገሩን ወደ እኔ ያዞርከው አንተ ነህ፦

ፍሬኑን ረገጥኩት እግሬን እስኪያመኝ፣
መኪናው አልሰማም አንቺ እንዳልሰማሽኝ።

ያን ጊዜ ለማን እንደተባለ ያልገባኝ መስዬ ዝም ብዬ መታሁ። ገብቶኝ ነበር።

«ቁይ ገበያ» ደግሞ መቼም አይረሳህም። ሞንታርቦ ተከራይተን መጀመሪያ ሰው ፊት የተጫወትንበት ቀን ነው። ገበያተኛው የአይጥ መድኃኒት የምናስተዋውቅ መስሎት ግር ብሎ መጣ። አንዲት እናት ጊታርህን እያዩ «ስንት ነው? ስንት ነው?» እያሉ አላስጨርስ አሉን። አዝማቹ የእሳቸው ነው፤ ስማቸውን አለመጠየቃችን ይቆጨኛል። ይህንን እንደዚሁ ጻፈው። በመመለሻው፣ በጌቾ መኪና ጋቢና ውስጥ ሽማግሌ እልካለሁ ማለትህን ግን አትጻፈው።

አንድ ነገር ልለምንህ። በርሜሉን ስመታ የመዶሻ እጀታው መዳፌን ላጠው። እውነተኛ የድራም ዱላ ካገኘህ ላክልኝ።

እህትህ ሰገነት

ላይፕዚግ፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰገነት፤

እንኳን ለጥምቀት አደረሰሽ። ዱላዎቹን በአንድ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ለጌቾ ልኬአለሁ። እንዳትሰብሪያቸው አልልሽም፤ ስበሪያቸው።

የጻፍሽልኝን ቃል በቃል ተርጉሜ ሰጠሁት። አሳታሚው የአይጥ መድኃኒቷ ላይ ሲደርስ ሳቁ አላስቆም አለው። የተረጎምነው ከሔዋን ጋር ነው። ሔዋን እዚህ ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት የምታገለግል ልጅ ናት፤ ጀርመንኛዋ ከእኔ በብዙ ይሻላል። ያን ሁሉ ስትጽፍልኝ «ይህቺ እህትህ ቀልደኛ ናት» አለች ሔዋን።

አሁን የቀረኝ የመጨረሻው ዘፈን ነው። ያንን ጻፊልኝ ለማለት ብዙ ቀን ፈራሁ። ሽማግሌዎቹ በተመለሱ ማግስት፣ አባትሽ ሳይሰሙ፣ እያለቀስሽ የመታሽው «ወለተ ኪዳን»፦

ወለተ ኪዳን ሆይ ምን በደልንሽና፣
መቶ ዓመት ተኝተሽ ዘጋሽብን ጎዳና።

አሳታሚው «ወለተ ኪዳን ማናት?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? እኔም የማውቀው ከቆጠራው የሰማሁትን ብቻ ነው። አለቃ ወልደ ገብርኤል ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ ወልደ ሩፋኤልና ወለተ ኪዳን። እኔ ከእሱ ወረድኩ፣ አንቺ ከእሷ። በአንዲት ሴት ምክንያት ሕይወታችን ተበላሽቶ፣ መልኳ ቀይ ይሁን ጥቁር፣ ክፉ ትሁን ደግ አናውቅም።

አገሯ አምበር ነገሯን የሚያውቁ አሮጊት አይጠፉም። ሲመችሽ ሄደሽ ጠይቂልኝ። ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች ብቻ ልወቅ። አልበሙ እስኪታተም አንዱን ቅጂ አስቀድሜ ልላክልሽ?

ወንድምሽ ታረቀ

ደጀን፣ መጋቢት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለታረቀ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። መልሴ የዘገየው ጌቾ ከአንድ ወር በላይ ስላልመጣ ነው፤ መንገዱ ተዘግቶበት። አንተ ግን ዝም ያልኩህ ሊመስልህ ይችላል።

ዱላዎቹ ደርሰውኛል። ያምራሉ። በርሜሉን ግን ጋሽ ደርቤ የተቃጠለ ዘይት ሞሉበት፤ ሌላ ማጠራቀሚያ አጡ። ጠረጴዛ እመታለሁ እንዳልል የመለዋወጫ ዕቃው ይረግፋል። ስለዚህ ዱላዎቹ ተሰቅለዋል።

ቅጂውን አትላክ። የአንተ ድምፅ አለበት፤ እኔ ደግሞ ተገዝቻለሁ። ጋሽ ደርቤ «ታዲያ ጆሮሽን ይዘሽ የራስሽን ምት ብቻ ስሚ» ብለው አሾፉብኝ። ሳቅሁና ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

አምበር እስካሁን አልሄድኩም። መንገዱ አለ፣ ደግሞም እውነቱን ልንገርህ፣ ያችን ሴት እንድወዳት የሚያደርገኝ ወሬ መስማት አልፈለግሁም። ስለለመንከኝ ግን ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ።

ስለ ሔዋን ብዙ ጽፈሃል። አላወቅኸውም ይሆናል፤ ደብዳቤህን መልሰህ ብታነበው ታየዋለህ። ልጅቷ ቤተ ክርስቲያን የምታገለግል ናት። ብቻህን ነህ። እህት ወንድሟን አግባ ትላለች፤ እኔም እላለሁ። እኔን ብለህ እንዳትቀመጥ። ተቆጥሮ ያለቀ ነገር ነው።

ይህችን ገጽ ሁለት ጊዜ ቀድጄ እንደገና ጽፌአታለሁ፤ ስለዚህ በደንብ አንብባት።

እህትህ ሰገነት

ላይፕዚግ፣ ግንቦት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰገነት፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። አባትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ደብዳቤሽን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ከአንቺ አፍ «አግባ» የሚል ቃል ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። መጀመሪያ ተናደድኩብሽ። ኋላ ግን ልክ ነሽ አልኩ። ሰው በተዘጋ በር ላይ ዕድሜውን ሙሉ አይቆምም።

ለሔዋን ሁሉንም ነግሬአታለሁ፤ አንቺን፣ ቆጠራውን፣ ግዝቱን። አልተቆጣችም። «ዘመድህ ባትሆን ኖሮ እኔን አታየኝም ነበር» አለች። እውነት ነው። ሰኔ 9፣ እሑድ፣ በቁርባን እንጋባለን። በእኔ በኩል የሚቆም ዘመድ እዚህ የለኝም። ምርቃትሽን በጽሑፍ ላኪልኝና ለካህኑ ሰጥቼ ያንብቡልኝ። ባይደርስም እንደላክሽ እቆጥረዋለሁ።

የመጨረሻው ዘፈን አንቀጽ አሁንም ባዶ ነው። አሳታሚው እስከ መስከረም ይጠብቀኛል።

ወንድምሽ ታረቀ

ደጀን፣ ግንቦት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ታረቀ! ታረቀ! ታረቀ!

ሰላምታውን ተወው፤ ሰላምታ የሚጻፍበት ቀን አይደለም። ቁጭ ብለህ አንብብ።

አምበር ሄድኩ። እማሆይ ጥሩብርሃን የሚባሉ መነኩሴ አሉ፤ ወለተ ኪዳን በእርጅናዋ ያሳደገቻቸው ናቸው። ዓይናቸው አያይም፣ ወሬያቸው ግን ቀጥ ያለ ነው። «የአለቃ ወልደ ገብርኤልን ልጅ የወለተ ኪዳንን ነገር ልጠይቅዎ መጥቼ ነው» አልኳቸው። «የማንን ልጅ?» አሉኝ። ደገምኩላቸው።

«እንዴ ልጄ! ምን ሲደረግ የአለቃ ልጅ ትሆናለች? አለቃ ሚስታቸው ወልደ ሩፋኤልን ወልዳ ሞተችባቸው። ኋላ ከቁይ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አገቡ። ያች ሴት ወለተ ኪዳንን በበቅሎ ላይ አቅፋት ነው የመጣች፤ ጡት እንኳ አልጣለችም። አለቃ ደግ ሰው ነበሩ፣ ልጄ ብለው አሳደጓት፣ ስማቸውንም ሰጧት። ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት። አባቷ ቁይ ነው የተቀበረ።»

ገባህ? የእንጀራ ልጅ ናት። ከወልደ ሩፋኤል ጋር አንድ ጠብታ ደም የላቸውም። በአምስት ቤትም፣ በሰባት ቤትም፣ በመቶ ቤትም አንገናኝም!

አያ ቢተውን ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። እማሆይ የነገሩኝን እሳቸውም ቁጭ ብለው ሰሙ። «በአንድ ቤት አድገው፣ በአንድ አባት ሲጠሩ ሰምቼ ነው የቆጠርኩት። እናንተን ምን አደረግኋችሁ?» አሉና እንደ ልጅ አለቀሱ። ያን ሁሉ ወር ስረግማቸው የኖርኩት እኔ እዚያው አቀፍኳቸው። አባቴ ሲሰሙ ከመደቡ ተነሥተው «ይምጣ። ሽማግሌዎቹንም መልሶ ይላካቸው» አሉ። ጋሽ ደርቤ በርሜሉን ባዶ አድርገው አጠቡልኝ። ዱላዎቹን አወረድኩ። ሠፈሩ ይመስክር፣ እንዲያ መትቼ አላውቅም።

ጋሽ ደርቤ «አሁኑኑ ልደውልለት» ብለው ስልካቸውን አውጥተው ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኳቸው። ይህንን ከእኔ በቀር ማንም እንዲነግርህ አልፈልግም። እኔ ራሴ ደግሞ ግዝቱ ሳይፈታ ድምፅህን መስማት አልችልም። የነፍስ አባታችን ለሕክምና ደብረ ማርቆስ ናቸው፤ ሲመለሱ ይፈቱናል። ያኔ እደውላለሁ። ይህን ያህል ጠብቀን የለ? ጥቂት ብንጠብቅ ምን እንሆናለን?

ስለ ሔዋን የጻፍኩልህን ሁሉ መልሼ ወስጄዋለሁ። አግባ ያልኩህ ዋሽቼ ነው። ና።

ሰገነት

ደጀን፣ ሐምሌ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለታረቀ፤

እንኳን ደስ አለህ። ትዳርህን የአብርሃምና የሣራ ያድርግልህ። ልጅ ይስጣችሁ። ሔዋንን ሳምልኝ።

የግንቦት 22 ደብዳቤህን ትናንት አገኘሁት። ጌቾ ወር ሙሉ ጎሐ ጽዮን ቆሞ ነበር። ሲያቀብለኝ «መልካም ዜና ነው መሰለኝ፣ ቀለል ይላል» አለኝ። ጋራዡ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ሰኔ 9 እኔ የት እንደነበርኩ ለማስታወስ ሞከርኩ። ልብስ ሳጥብ ነበር። ስዘፍን ነበር።

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል። ግንቦት 28 የጻፍኩልህ አንድ ደብዳቤ አለ። ከደረሰህ ሳትከፍት አቃጥለው። ከከፈትከው ደግሞ እንዳላነበብክ ሁን። ስለ ዘፈኑ ትንሽ ወሬ ነው፤ የሚጠቅም ነገር የለበትም።

አባቴ የሠርግህን ወሬ ከሰሙ ጀምሮ ፊቴን አያዩኝም። ጋሽ ደርቤ ግን ሲያዩኝ ስልካቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይነካካሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እህትህ ሰገነት

ላይፕዚግ፣ መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰገነት፤

ከስምሽ በፊት የምጽፈው ቃል አጣሁ። «እህቴ» እንዳልል፣ አይደለሽም። ሌላውን እንዳልል፣ ቆርቤአለሁ።

የግንቦት 28 ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው የደረሰኝ፣ አቃጥለው ካልሽበት ደብዳቤ በፊት። ሔዋን ናት ከፖስታ ሳጥኑ አውጥታ «ከእህትህ መጣልህ» ብላ የሰጠችኝ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ስሜን ደጋግመሽ የጠራሽበትን ሳይ የምሥራች መሆኑን አወቅሁ፤ ያን ጊዜ ገና መጨረሻው ጋ ሳልደርስ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ያገባሁ መሆኔን ረስቼ ደስ አለኝ፣ ሰገነት። ከዚያ ሔዋን ከውስጥ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሔዋን ምንም አልበደለችም። እንዲህ ብዬ ለራሴ በየቀኑ እነግረዋለሁ። ጥሩ ሰው ናት፤ ምግብ አልበላ ስል የታመምኩ መስሏት ጠበል አመጣችልኝ። አልነገርኳትም። ብነግራት፣ በእኔ ላይ ያለው በእሷም ላይ ይሆናል።

ጋሽ ደርቤ ቢደውሉልኝ ኖሮ እያልኩ አድራለሁ። አንቺን አልወቅስም። ነጋሪው እኔ ብሆን እኔም እንዲያው አደርግ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ነገር ማን ለሌላ ሰው አፍ ይሰጣል?

አልበሙ በኅዳር ይወጣል። ባዶ የቀረው የ«ወለተ ኪዳን» አንቀጽ ብቻ ነው። እውነቱን ልጽፍ አስቤአለሁ፤ በበቅሎ የመጣችውን ሕፃን፣ አያ ቢተውን፣ ቆጠራው ስህተት እንደነበር፣ እኔና አንቺ ባዕድ መሆናችንን። አንድ ሰው እንኳ ቢያውቅልን ብዬ ነው። ግን ያለ ፈቃድሽ አላደርገውም። ጻፊልኝ።

ታረቀ

ደጀን፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለታረቀ፤

ሰላምህ ይብዛ። ቤትህን እመቤቴ ትጠብቅልህ።

የነፍስ አባታችን ተመልሰው ግዝቱን ፈቱት። አሁን ብትደውል ልሰማህ እችላለሁ። አትደውል። አልበሙንም ስለ መላክ አታስብ፤ ከታተመ አንድ ቀን ሹፌሮቹ ይዘውት መምጣታቸው አይቀርም፣ ያኔ ከመንገድ እሰማዋለሁ።

ፈቃድ ጠይቀኸኛል። አልፈቅድም።

እዚህ እውነቱን ሁሉም ያውቃል። አያ ቢተው ሲያገኙኝ መንገድ ይለውጣሉ። ሴቶቹ ገበያ ላይ ሲያዩኝ ከንፈራቸውን ይመጣሉ፤ «አወይ፣ ምንም አይሆኑም ነበር እኮ» ይላሉ። እውነት ያመጣልኝ ይህንን ነው። እዚያ አገር ደግሞ ሁለተኛ አልፈልገውም።

ታረቀ፣ ሚስትህ አልሆንኩም። እጮኛህም አይደለሁም። ካንተ ጋር ተቀምጬ አልመታም፤ ሌላ አልበም አይኖረንም። ዘመድህ ነኝ የሚለውን ስረግመው ኖሬአለሁ፤ አሁን ግን ያንን ከወሰድክብኝ ስምህን ለመጥራት፣ ደህና መሆንህን ለመጠየቅ፣ ልጅ ስትወልድ ስሙን ለማወቅ ምን መብት አለኝ? ሔዋን ደብዳቤዬን እየሳቀች የምታቀብልህ ከእህትህ ስለሆነ ነው። ከባዕድ ሴት ሲሆን እንዴት ታቀብልህ?

እንዲህ ብለህ ጻፍ። «ወለተ ኪዳን የአለቃ ወልደ ገብርኤል ልጅ፣ የወልደ ሩፋኤል እህት ናት። ጊታር የሚጫወተው ሰው ከወልደ ሩፋኤል ይወለዳል፤ በርሜል የምትመታው ሴት ከወለተ ኪዳን ትወለዳለች። በአምስት ቤት ይገናኛሉ።»

ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አትጨምር። ዘመድ ናችሁ ብለው ለዩን፤ አንተ ደግሞ ባዕድ ናት ብለህ አትለየኝ።

እህትህ ሰገነት አማረ